የዘንገና አራት ጨለማ ፎቶዎች

የጋሼ እንዳልካቸው አስከሬን በቃሬዛ ከገደሉ ሲወጣ አምሳለ ፊታቸውን ላለማየት ዓይኗን አሸሸች። ሸሽቶ ያረፈው ግን አንድ ወጣት ፖሊስ በላስቲክ ከረጢት አንጠልጥሎ በያዘው ካሜራቸው ላይ ነው። ሌንሱ ተሰንጥቋል፤ ማንገቻው ተበጥሷል። ያን ጥቁር ካሜራ ከሰውየው አንገት ወርዶ አይታው አታውቅም ነበርና ብቻውን ሲመጣ ስታይ መሞታቸውን አመነች። እርጥቡ ሣር ላይ ዘፍ አለች።

ዘንገና ጠዋት ጠዋት ያስፈራል። ከእንጅባራ ወጣ ብሎ፣ ዙሪያውን በገደልና በዛፍ የታጠረ ክብ ሐይቅ ነው፤ ጉሙ ካልተነሳ ውኃው የት እንደሚጀምር አይለይም። በገደሉ አፋፍ የተሰበሰቡት ገበሬዎች በአዊኛ ይንሾካሾኩ ነበር። ቋንቋው የእናቷ ነውና አምሳለ አንድም አላመለጣት። «ማታ አንድ ባጃጅ መጥቶ ነበር» አለ አንዱ። «ሰውየው ወዲያ ወዲህ ሲል አይቼዋለሁ።»

ባጃጁ የማን እንደሆነ ታውቃለች፤ የታናሽ ወንድሟ የስንታየሁ ነው።

ጋሼ እንዳልካቸው በከተማው በጥቁርና ነጭ ፊልም የሚያነሱ የቀሩ አንድ ሰው ነበሩ። ሌላው ሁሉ ስልኩን ደቅኖ ጠቅ በሚያደርግበት ዘመን እሳቸው ብርሃኑን በዓይናቸው እየለኩ፣ ለአንድ ፎቶ ግማሽ ቀን ይቆሙ ነበር። አምሳለ ስቱዲዮአቸው ውስጥ ደንበኛ ልትቀበል ገብታ ሥራውን ተማረች፤ አሁን ፊልም የሚታጠብበት ጨለማ ክፍል በእሷ እጅ ነው። ትናንት ከሰዓት ስንታየሁ ወደ ሐይቁ አደረሳቸው። ማታ ሊመልሳቸው ሄዶ አጣቸው። ይህን ራሱ ደውሎ ነግሯታል። ክፉው ነገር ሌላ ነው። ከመሄዳቸው በፊት ባጃጅ ተራው ላይ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ይቺ ካሜራዎ አንድ ቀን ገደል ትከትዎታለች!» ብሎ ጮሆባቸው ነበር። ያን ጊዜ ተራው በሙሉ ሳቀ። ዛሬ የሚስቅ አልነበረም።

«አምሳለ አንቺ ነሽ?»

ቀና ስትል አንዲት ደልደል ያለች ሴት ከፊቷ ቆማለች። ከፖሊስ ጃኬቷ ሥር ወፍራም ሹራብ ለብሳለች፤ ከኪሷ ቆሎ እየዘገነች ትቆረጥማለች። ሬሳ አጠገብ ቆሞ ቆሎ የሚቆረጥም ሰው አምሳለ አይታ አታውቅም። ፈራቻት።

«ኢንስፔክተር ደጊቱ እባላለሁ። ዓይኔ ደከም ብሏል፤ እስኪ ካሜራው ላይ ያሉትን ቁጥሮች አንብቢልኝ። ከረጢቱን ሳትከፍቺ።»

አምሳለ በላስቲኩ ላይ አጎንብሳ አነበበች። «መዝጊያው አንድ ሺህ ላይ ነው። የሌንሱ ቀዳዳ ሃያ ሁለት።»

«እንዲገባኝ አድርገሽ።»

«መዝጊያው ብልጭ ብሎ ወዲያው ይዘጋል። ቀዳዳውም እስከ መጨረሻው ጠቧል። የሚገባው ብርሃን ትንሽ ነው።»

«ሲወድቅ ዞሮ ይሆን?»

«አይዞርም። ቀለበቶቹ ጠጣር ናቸው፤ በእጅ ካልተጠመዘዙ ንቅንቅ አይሉም።»

«ጎሽ» አለች ኢንስፔክተሯ። ከዚያ በዚያው ድምፅ፣ «ወንድምሽን ይዘነዋል» ስትል አከለች።

አምሳለ መልስ ከማግኘቷ በፊት አንድ ሰው እየሮጠ መጥቶ ቃሬዛው ሥር ተደፋ። አወቀ ነው። ከእሷ በፊት የጋሼ ተማሪ የነበረ፣ ኋላ ጥሏቸው ወጥቶ በዲጂታል ካሜራ ሠርግ በማንሳት ስሙ የገነነ ሰው። ትናንት ማታ ዳንግላ ላይ የመጀመሪያውን የፎቶ ዐውደ ርእይ ከፍቷል። «ጋሼን! ጋሼን!» እያለ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ። አምሳለንም አቅፎ አጽናናት። ከዚያ ዕንባውን ጠርጎ ወደ ኢንስፔክተሯ ዞረ።

«ካሜራው ውስጥ ፊልም መኖር አለበት። ይታጠብ! መጨረሻ ምን እንዳነሱ፣ ሰዓቱ ምን ያህል እንደነበር ይታወቃል።»

«ከፎቶ ሰዓት ይታወቃል እንዴ?»

«ብርሃኑ ያሳብቃል፣ ኢንስፔክተር።»

«አይ፣ ደግ ነገር ነው» አለች ደጊቱ። ቆሎዋን መቆርጠም አቁማ ነበር። «አንተስ ትናንት የት ዋልክ?»

«ከእኩለ ቀን ጀምሮ ዳንግላ። ማታ ስንት ሰው ፊት ንግግር ሳደርግ ነው ያመሸሁት።»

«ስለ ማታ አልጠየቅኩህም» አለች፤ እጇንም መልሳ ወደ ኪሷ ሰደደች።

በአካባቢው ፊልም ማጠብ የሚያውቁ አምሳለና አወቀ ብቻ ነበሩ። ኢንስፔክተሯ አምሳለን መረጠች። «ግን ከአጠገብሽ አልለይም» አለቻት። አወቀ ከአንድ ፖሊስ ጋር በስቱዲዮው የፊት ክፍል ተቀመጠ።

ፊልም ከካሜራው ወጥቶ ማጠቢያ ጣሳው ውስጥ እስኪከተት ድረስ ቀይ አምፖል እንኳ አይበራም። በሩ ሲዘጋ ጨለማው ድፍን ሆነ። አምሳለ ይህን ክፍል እንደ መኝታዋ ታውቀው ነበር፤ ዛሬ ግን የማታውቀው ጉድጓድ ውስጥ የገባች መሰላት። ከኋላዋ ኢንስፔክተሯ ትተነፍሳለች። ከበሩ ወዲያ የአወቀ ጫማ ይሰማል፤ ይሄዳል፣ ይቆማል፣ ይመለሳል።

ከባድ እጅ ትከሻዋ ላይ አረፈ። ልትጮህ ምንም አልቀራት።

«እኔ ነኝ። እንዳልወድቅ ይዤሽ ነው» አለች ደጊቱ። «ፊልም አሁን ብርሃን ቢነካው ምን ይሆናል?»

«ይቃጠላል። ያለው ሁሉ ይጠፋል።»

ይህን ከተናገረች በኋላ ነው ሐሳቡ የመጣባት። ማብሪያው ከግራ ክንዷ አጠገብ ነው። ስንታየሁ ማታ እዚያ ነበር። ፊልሙ ላይ ቢኖርስ? እጁን ዘርግቶ፣ ጋሼን አንቆ ቢታይስ? ወንድሟን ታምነዋለች ወይስ አታምነውም? ቁጡ ነው፤ ሲናደድ የሚናገረውን አያውቅም። ከሁሉ ያስፈራት ይህ ነው፤ «ወንድሜ አያደርገውም» ብላ ለራሷ መማል አቃታት። ግራ እጇ በግድግዳው ላይ እየተንፏቀቀ ሄደ። ጣቷ ማብሪያው ላይ አረፈ። አንድ ጊዜ ጫን ማለት ብቻ ነበር የቀራት።

ግን እኮ የጋሼ የመጨረሻ ፊልም ነው። እሱን ማቃጠል ሰውየውን ሁለተኛ መግደል ሆነባት። እጇን መለሰችና ፊልሙን ጣሳው ውስጥ ጠቀለለችው።

ታጥቦ በገመድ ላይ ሲሰቀል መብራት በራ። ኢንስፔክተሯ መነጽሯን አውጥታ ከላይ እስከ ታች አጠናችው። «ዓይኔ ደክሟል» ያለችው ለወጉ ነበር ማለት ነው።

«እዚህ ጥግ ላይ፣ በሁሉም ፎቶ ላይ ያለችው የተሸረፈች ነገር ምንድን ናት?»

«የካሜራው ጉድለት ናት። ውስጡ ተሸርፎ ነው። ጋሼ ግን አይሠራም አሉ፤ ‹ፊርማዬ ናት› ይሉ ነበር።»

አብዛኛው ፎቶ ደንደን ያለ፣ የጋሼ ዓይን የለካው ነበር። ደህና ከወጡት የመጨረሻው ላይ አንድ ባጃጅ ጀርባውን ሰጥቶ ይሄዳል፤ ሹፌሩ ዞሮ ወደ ካሜራው ያያል። ኔጌቲቭ ላይ ፊት ይገለበጣል፤ ነጩ ጥቁር፣ ጥቁሩ ነጭ ነው። ስንታየሁ እንደሆነ አወቀች እንጂ እየጮኸ ይሁን ሌላ ነገር መለየት አልቻለችም። ከእሱ በኋላ አራት ፎቶዎች አሉ። እነሱ ሊጠፉ ትንሽ የቀራቸው፣ በመስታወት ላይ የቀረ ትንፋሽ የሚያህሉ ናቸው። ውኃው ላይ ካለው ትንሽ ብልጭታና ከሰማዩ በቀር ምንም የለባቸውም።

«እነዚህስ ለምን እንዲህ ሳሱ?»

«በቂ ብርሃን ያላገኙ ናቸው። ሲታተሙ ይጨልማሉ። ልክ እንደ...» የባጃጁን ፎቶ መልሳ አየች። «ልክ እንደ ምሽት።»

ኢንስፔክተሯ አወቀን ጠራችው። እሱም ፊልሙን ወደ መብራቱ ዘርግቶ አየና ራሱን ነቀነቀ። «ምንም አያጠያይቅም። ፀሐይ ልትገባ ስትል ነው የተነሱት። ጋሼ እስከ ማታ በሕይወት ነበሩ ማለት ነው።» ከዚያ አምሳለን በኀዘኔታ ተመለከታት። «ማታ እዚያ የሄደው እንግዲህ... አይዞሽ እህቴ።»

አምሳለ ማብሪያውን አስታወሰች። ምነው በተጫንኩት ኖሮ አለች በልቧ።

ያን ዕለት ወደ ማምሻው ኢንስፔክተሯ መኪና ይዛ መጣች። «ነይ፣ ሐይቁ ድረስ አብረሽኝ ሂጂ።»

ለምን እንደሆነ አልነገረቻትም። በመንገድ ላይ አንድ ቃል አልተናገረችም። ገደሉ አፋፍ ላይ ሲቆሙ አምሳለ ከዛፉ ሥር አልወጣ አለች፤ ትናንት ሰው የወደቀበት ቦታ ነው፤ አጠገቧ ያለችውም ሴት ምን እንደምታስብ አይታወቅም። ከታች ሐይቁ ጠቁሮ ተኝቷል። ሰማዩ ገና ብሩህ ነው፤ ውኃው ላይ ግን የምዕራቡ ገደል ጥላ ከዳር እስከ ዳር ተኝቶበታል።

«ማታ ማታ ሁሌም እንዲህ ነው?»

«ሁሌም ነው። ወደ ማታ ፀሐይ ታች አትደርስም።»

«ጋሼሽ አሁን እዚህ ቢቆሙ ካሜራቸውን ስንት ላይ ያደርጉት ነበር?»

«መዝጊያውን ሠላሳ፣ ዝግ ብሎ እንዲዘጋ፤ ቀዳዳውን እስከቻለ ድረስ ከፍተው። ብርሃን ሲያንስ ለፊልሙ የበለጠ መስጠት ነው ያለብን።»

«ሺህና ሃያ ሁለት ቢያደርጉትስ?»

«ምንም አይወጣም! ባዶ ፊልም ነው የሚሆነው።» ጠዋት በገዛ ዓይኗ ያነበበችው ቁጥር ነው። በድንጋጤ አላሰበችውም ነበር።

ኢንስፔክተሯ ቆሎ ዘረጋችላት። «ቀን አንስቶ ምሽት ማስመሰል ይቻላል?»

«ብርሃኑን ከቀነሱት ይቻላል። አንድ ደረጃ ሲቀነስ ብርሃኑ በግማሽ ይቀንሳል፤ ሁለት ደረጃ ሲሆን ሩብ ብቻ ይቀራል። ያኔ ቀኑ ይመሻል።»

«ይህን ማድረግ የሚያውቅ ማን ነው?»

አምሳለ እጇ ላይ ያለውን ቆሎ ረሳችው። ጥያቄው ወዴት እንደሚወስዳት አሁን ገባት። «አወቀ» አለች በቀጭን ድምፅ። «እና... እኔ።»

«ትናንት ከሰዓት የት ነበርሽ?»

«ጨለማ ክፍል። ብቻዬን።»

«ማታስ?»

«ደንበኞች ነበሩ። ብዙ ሰው አይቶኛል።»

ደጊቱ ከላይ እስከ ታች አየቻት። አምሳለ ከገደሉ አንድ እርምጃ ራቀች። በወንድሟ ላይ የመጣው ጣጣ አሁን ወደ ራሷ ዞረ። ኢንስፔክተሯ ግን ከኪሷ ፊልሙ ተጠቅልሎበት የነበረውን ባዶ ቤት አወጣች። አራት መቶ የሚል ቁጥር ተጽፎበታል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የፊልሙ ፍጥነት ነው። ቁጥሩ በበዛ መጠን ትንሽ ብርሃን ይበቃዋል። ይህኛው ግን ለስሙ ነው አራት መቶ የሚባለው፤ አርጅቷል። እኛ መቶ ነው ብለን ነው የምናነሳው። የተጻፈውን አምነን ብናነሳ ሩብ ብርሃን ብቻ ነው የሚያገኘው።»

«ይህን ማን ማን ያውቃል?»

«ጋሼ፣ እኔ፣ እና ሰላሁዲን። ዳንግላ ሱቅ ያለው ነጋዴ ነው፤ በቅርቡ ከመጋዘኑ ጥግ አግኝቶ ያመጣልን እሱ ነው። ‹ጊዜው አልፎበታልና ሞክረው አንሱ› ብሎ ነው የሰጠን።»

ደጊቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። አምሳለን ፈገግታው ከዝምታው የበለጠ አስፈራት።

በማግሥቱ ሁሉንም ዳንግላ ጠራቻቸው። ከበሩ ውጪ ጋሪዎች ይተላለፋሉ፤ የፈረሱ ቃጭል ግድግዳውን አልፎ ይሰማል። አዳራሹ የሰላሁዲን ነው፤ ዐውደ ርእዩ የተከፈተውም እዚያው ነው። በግድግዳው ዙሪያ ትልልቅ ጥቁርና ነጭ ፎቶዎች ተሰቅለዋል፤ በጥር በዓል ፈረሶቻቸውን አሸብርቀው የሚጋልቡ የአዊ ፈረሰኞች። ከእያንዳንዱ ሥር የአወቀ ስም አለ። ሰላሁዲን መቁጠሪያውን እየገፋ አንድ ወንበር ላይ ተቀምጧል። አወቀ ቆሟል። ስንታየሁን ሁለት ፖሊሶች ይዘውት ገቡ። ፊቱ ከስቷል። እህቱን ሲያይ ዓይኑ ዕንባ አቀረረ፤ እሷም ልትሮጥ ብላ ኢንስፔክተሯን አየችና ቆመች።

«መጀመሪያ አንድ ጨዋታ እንጫወት» አለች ደጊቱ። ከጋሼ ካሜራ የወጣውን ባዶ የፊልም ቤት ወደ ላይ አነሳች። «ይህ ፊልም ካሜራችሁ ውስጥ ቢሆን፣ ውጪ ባለው ፀሐይ ስንት ላይ ታነሳላችሁ? አንተ ጀምር፣ አወቀ።»

አወቀ ሳቅ አለ። «ይህማ የጀማሪ ጥያቄ ነው። አራት መቶ ነው። መዝጊያው አምስት መቶ፣ ቀዳዳው ዐሥራ ስድስት።»

«አምሳለ?»

«መዝጊያው መቶ ሃያ አምስት» አለች። «ቀዳዳው ዐሥራ ስድስት።»

«አራት እጥፍ ብርሃን!» አለ አወቀ፤ ራሱንም ነቀነቀ። «ጋሼ ይህን ነው ያስተማሩሽ?»

«ሰላሁዲን፣ አንተስ?»

«እኔ ቁጥሩን አላውቅም፣ ኢንስፔክተር» አለ ሰላሁዲን። «የማውቀው ያረጀ መሆኑን ነው። ለእንዳልካቸው ነግሬያቸዋለሁ፤ ወላሂ አልደበቅኩም።»

የአወቀ ሳቅ ፊቱ ላይ ደረቀ። ለምን እንደሆነ ገና አላወቀም፤ ግን አንድ ነገር እንዳመለጠው ገብቶታል።

«እንግዲህ ልንገራችሁ» አለች ደጊቱ፤ ቆሎዋን ወደ ኪሷ መለሰች። «አራቱ ጨለማ ፎቶዎች ምሽት ይመስላሉ። እኔም ለአንድ ሰዓት ያህል አምኛቸው ነበር። ሆኖም ውኃው ላይ የፀሐይ ብልጭታ አለ። ወደ ማታ ዘንገና ላይ ፀሐይ ውኃውን አትነካም፤ አምሳለና እኔ ቆመን አይተነዋል። ካሜራው ደግሞ ሺህና ሃያ ሁለት ላይ ነው የተገኘው። በዚያ ቁጥር ማታ የሚነሳ ፎቶ ባዶ ነው። ስለዚህ ፎቶዎቹ የተነሱት በጠራራ ፀሐይ ነው፤ አንድ ሰው ሆን ብሎ አጨልሟቸው ካሜራውን ከሬሳው ኋላ ወደ ገደሉ ወርውሮታል።»

ስንታየሁ ቀና አለ።

«ለምን? ሟቹ እስከ ማታ ኖረዋል እንዲባል። ታዲያ ይህ የሚጠቅመው ማንን ነው? ስንታየሁን አይደለም፤ እሱ ማታ እዚያ ነበር፤ ምሽቱ እሱን ነው የሚያስጠይቀው። የሚጠቅመው ማታ ሌላ ቦታ በብዙ ሰው መሃል የነበረን ሰው ነው። እንዲህ ያሉ ሦስት አሉ። ሰላሁዲን፣ አወቀ፣ አምሳለ።»

አምሳለ ግድግዳውን ተደገፈች።

«ሰላሁዲን ፊልም ይሸጣል እንጂ ፎቶ አያነሳም። ሁለት ቀሩ። ሁለቱም ይህን ማድረግ ይችላሉ። እዚህ ላይ ነው ፊልሙ ራሱ የረዳኝ።» የፊልሙን ቤት ጠረጴዛው ላይ አኖረች። «ምሽት ለማስመሰል ሁለት ደረጃ መቀነስ በቂ ነው። አራት መቶ ነው ብሎ ለሚያምን ሰው፣ ከአምስት መቶና ከዐሥራ ስድስት ሁለት ደረጃ ሲቀነስ በትክክል ሺህና ሃያ ሁለት ነው። ግን ፊልሙ አርጅቷል፤ ሁለቱን ደረጃ ራሱ ቀድሞ ቀንሷል። ፎቶዎቹ ምሽት ከመምሰል አልፈው ሊጠፉ ደረሱ። አምሳለ ብትሆን መቶ መሆኑን ታውቃለች፤ እንዲህ አትሳሳትም። ካሜራውን የያዘው የተጻፈውን ቁጥር ያመነ ሰው ነው። አሁን በዚህ ክፍል ውስጥ፣ በራሱ አፍ፣ አራት መቶ ብሎ የነገረኝ አንድ ሰው ነው።»

ሁሉም ወደ አወቀ ዞረ።

«በቁጥር ሰው ይከሰሳል?» አለ። ድምፁ ቀጥኗል። «ለምን ብዬ ጋሼን...»

«ለዚህ ብለህ» አለች ደጊቱ፤ ወደ ግድግዳው አመለከተች። «ፎቶዎቹን ከነፊልሙ ጥቁር ጠርዝ ነው ያተምካቸው። ፋሽን ነው አሉኝ። አምሳለ፣ እስኪ ጥጋቸውን እይ።»

አምሳለ ቀረበች። ፈረሰኞቹን አይታቸው አታውቅም፤ ከእሷ ጊዜ በፊት የተነሱ ናቸው። ነገር ግን ከአንዱ ጥግ፣ ከሁለተኛውም፣ ከሦስተኛውም፣ ያቺን የተሸረፈች ‹ፊርማ› አየች። «የጋሼ ናቸው» አለች። «ሁሉም የጋሼ ናቸው!»

«ከስቱዲዮው ስትወጣ ኔጌቲቩን ይዘህ ወጣህ። እንደ ግምቴ፣ ዐውደ ርእዩ በተከፈተበት ማታ እዚህ መጥተው ለሰው ሁሉ ሊናገሩ ነበር። አስቀድመው ግን ሐይቁ ጋ ጠሩህ፤ ራስህ እንድትናገር ዕድል ሊሰጡህ። ከእኩለ ቀን ጀምሮ ዳንግላ ነበርኩ ብለኸኛል። ከሰዓት በኋላ ከእንጅባራ መናኸሪያ ዳንግላ የሚሄድ ሚኒባስ ላይ የጫነህ ረዳት ደጁ ላይ ቆሟል። ሱሪህ በእሾህ ተተልትሎ፣ ውኃ እየለመንክ ስለነበር አልረሳህም። ልጥራው?»

አወቀ ፎቶዎቹን ዞሮ አየ። ከዚያ ተቀመጠ።

«አልገፋኋቸውም» አለ። «ካሜራውን ያዝልኝ ብለው ሰጡኝ። ለፎቶ የሚመች ቦታ ሊያዩ ወረድ ሲሉ አንሸራተታቸው። እጃቸውን ያዝኩት። ይዤው ነበር! ‹ማታ ራስህ ተናገር፤ እኔ አጠገብህ እቆማለሁ› ያሉኝ ያኔ ነው፤ ተንጠልጥለው እንኳ ያስተምሩኛል። ያን ጊዜ...» መዳፉን ገልብጦ አየው። «ለቀቅኩት።»

የሰላሁዲን መቁጠሪያ ከእጁ ወደቀ። አምሳለ ዓይኗን ከዚያ እጅ ላይ መንቀል አቃታት። ትናንት ጠዋት ያቀፋትና ያጽናናት እጅ ነው።

አወቀን ሲወስዱት ስንታየሁ እጁ ተፈታለት። እህቱን አንገቷን አቅፎ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ኢንስፔክተሯ ከበሩ ላይ ቆም ብላ አምሳለን ጠራቻት።

«ጨለማው ውስጥ ጣትሽ ማብሪያው ላይ ነበር።»

አምሳለ ስንታየሁ ሰምቶ እንደሆነ ዞር ብላ አየች። «በምን አወቁ?»

«እጄ ትከሻሽ ላይ ነበር እኮ። ክንድሽ ሲዘረጋ ትከሻሽ ይነሳል። ልይዝሽ ስል መለስሽው።» ቆሎ ዘግና አፏ ውስጥ ጨመረች። «ፊልሙን አቃጥለሽው ቢሆን ወንድምሽን የሚያስፈታ ነገር በእጄ አልነበረም።»

ወደ እንጅባራ የተመለሱት ሳይመሽ ነው። አምሳለ ቤት እንኳ ሳትገባ ስንታየሁን ይዛ ጨለማ ክፍሉን ከፈተች። ቀዩን አምፖል አበራችና የባጃጁን ፎቶ አተመች። ወረቀቱ በማጠቢያው ሳህን ውስጥ ነጭ ሆኖ ተኛ። ስንታየሁ ከጎኗ ሆኖ ትንፋሹን ውጦ ያያል። መጀመሪያ ጎማው መጣ፣ ከዚያ መንገዱ፣ ከዚያ ዛፎቹ። መጨረሻ ላይ ፊቱ ወጣ። ጥርሱ ሁሉ እስኪታይ እየሳቀ ነበር።

«ምን እያልካቸው ነው?» አለችው።

«ገደሉ አጠገብ እንዳይቆሙ፣ ማታ እመጣለሁ እያልኳቸው።»

«እሳቸውስ?»

«‹ዝም በልና ፊትህን ወደ ብርሃኑ አዙር› አሉኝ።»

አምሳለ ፎቶው ሳይጠቁር ከሳህኑ አወጣችው። ወንድሟን ያላመነችባት ያቺ ቅጽበት ትዝ አለቻትና ለእሱ ልትነግረው አፏን ከፈተች። ሳትነግረው እጁን ያዘች። ብዙ ጊዜ ሳትለቀው ቆየች።